ፖሊስነት እንደ ሙያ፤ ከአውጫጭኝ እስከ ሰንቀሌ

(ስለ ጉደርና ስለ አምቦ አካባቢ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት)

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው አምቦን ካለፈ በኋላ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ጉደር ይደርሳል። ጉደር በወንዟና በፏፏቴዋ የታወቀች ናት፤ ስሟም ለወይን ጠጅ ተሰጥቶ በመላው አገር ይጠራል። በአምቦ አጠገብ ደግሞ ሰንቀሌ የምትባል ቦታ አለች። ሰንቀሌ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ አንደኛው የአምቦ ውኃ የሚታሸግባት መሆኗ፣ ሁለተኛው የፖሊስ ማሠልጠኛ ያለባት መሆኗ ነው። ስለዚህ አንድ የጉደር ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ «ምን ልሁን?» ብሎ በሚያስብበት ጊዜ ፖሊስነት ከሩቅ የሚሰማው ነገር አይደለም፤ በጎረቤቱ የሚያየው የእንጀራ መንገድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፖሊስ ሠራዊትን ታሪክ ከነዝርዝሩ ማቅረብ አይደለም። የተነሣበት ሐሳብ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጸጥታን መጠበቅ የሁሉም ሰው ግዴታ መሆኑ ቀርቶ የደመወዝተኛ ሙያ የሆነው እንዴት ነው፤ ይህስ ለውጥ የጉደርንና የአካባቢዋን ሰው ከፖሊሱ ጋር በምን ዓይነት አገናኘው የሚል ነው። ይህን ለመመርመር በየዘመኑ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። ጸጥታ አስከባሪውን ማን ይቀልበው ነበር? ተጠያቂነቱስ ለማን ነበር? የሰውን ቃል የሚቀበለውስ በምን ቋንቋ ነበር? ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ ፖሊሱ በሕዝቡ ዘንድ የሚኖረውን ክብር የወሰኑት የደንብ ልብሱና የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆኑ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች ናቸው።

፩. ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት

ጉደርና አምቦ የሜጫ ኦሮሞ አገር ናቸው። በዚህ አገር በሁለት ሰዎች መካከል ጠብ ሲነሣ ነገሩን የሚይዙት ጃርሳ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ደግሞ ጉማ የሚባለው ሥርዓት አለ። በጉማ ሥርዓት ጉዳዩ የገዳዩና የሟቹ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ወገኖች ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው የደም ካሣ ይቈርጣሉ፤ ካሣው ከተከፈለና ዕርቁ በሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ቂም እንዳይፈለግ ይደረጋል። የዚህ ሥርዓት ዋና ዓላማ ጥፋተኛውን ከሰው ለይቶ መቅጣት ሳይሆን የተቈረጠውን የጉርብትና ክር መልሶ መቀጠል ነው።

ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ይልቁንም በራስ ጎበና ዳጬ ዘመቻዎች አማካይነት፣ የሜጫ አገር ወደ ሸዋ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ሥርዓት ጐን የመንግሥቱ ሥርዓት ገባ። መልከኛው፣ ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ግብር ከማስገባት ጋር ወንጀለኛን የመያዝና ጸጥታን የማስከበር ኃላፊነት ተሰጣቸው። እነዚህ ሰዎች የወር ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ኑሯቸው የተመሠረተው በመሬትና ከገባሩ በሚያገኙት ግብርና አገልግሎት ላይ ነበር። ስለዚህ ዳኛውም፣ ጸጥታ አስከባሪውም፣ ግብር ተቀባዩም አንድ ሰው ሆኖ ይገኝ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ሹመት እንጀራም ሥልጣንም ከነበረበት ከእንዲህ ያለ ኑሮ ነው።

ወንጀለኛው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር። ከብት ቢሰረቅ ወይም ቤት ቢቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። ከመካከሉ የታመኑ ሰዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ለብቻው እያስማሉ ያየውንና የሰማውን ይጠይቁታል። ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልገው ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል፤ ማን እንደ ነገረ ሲጠየቅም «ወፍ ነገረኝ» ይባላል እንጂ ስሙ አይጠራም። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰው ወደ እርሻው እንዳይሄድ ይከለከላል፤ ያልመጣም ይቀጣል። ወንጀለኛው ጨርሶ ያልተገኘ እንደ ሆነ የጠፋውን ንብረት ዋጋ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል።

ከዚህም በቀር ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠውና እየተከተሉት ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ከሳሽና ተከሳሽ ከዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንዳይለያዩ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት የቁራኛ ልማድም ነበር፤ ቀለል ያለው አሠራር የሁለቱን ሰዎች ነጠላ ጫፍና ጫፉን ማሰር ነው። ደግሞም ማንኛውም መንገደኛ የሚጣሉ ሰዎችን ባየ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ማስቆም ይችል ነበር፤ ይህን ቃል ሰምቶ እልፍ ማለት እንደ ነውርም እንደ ጥፋትም ይቈጠር ነበር።

እንግዲህ ለሦስቱ ጥያቄዎቻችን የዚህ ዘመን መልስ ግልጥ ነው። ጸጥታ የማስከበሩን ዋጋ የሚከፍለው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ጠባቂውም ጠያቂውም ጎረቤት ነው፤ ቃሉም የሚሰማው፣ ጉዳዩ ከሽማግሌ ወደ ሹም እስካልተሻገረ ድረስ፣ በአገሩ ቋንቋ ነው። ጥቅሙ ሁሉም ሰው ለሰላሙ ኃላፊ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። በአውጫጭኝ ንጹሑ ከበደለኛው ጋር ዕዳ ይከፍላል፤ የእርሻው ወቅት ያልፍበታል፤ በወፍ ስም የግል ቂም የሚወጣበት ጊዜም ይኖራል። በሌባሻይ ደግሞ በመድኃኒት የደነዘዘ ልጅ እግር ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ሁሉ በፍቅር ዐይን ብቻ መመልከት ተገቢ አይሆንም። ማስረጃን ለይቶ የሚመረምርና ለሥራው የተማረ ሰው ማስፈለጉ አልቀረም።

፪. ዘበኛና ፖሊስ

ይህን ሥራ ሙያው ያደረገ ሰው በመጀመሪያ የታየው በገጠር ሳይሆን በከተማ ነው። አዲስ አበባ እየሰፋች፣ የውጭ አገር ነጋዴዎችና ልዑካን እየበዙባት ሲሄዱ ገበያዋንና መንገዷን የሚጠብቅ የአራዳ ዘበኛ ተቋቋመ። «ፖሊስ» የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ ከተማ ከሚለው ስም የመጣ መሆኑ በዚህ ላይ ጥሩ ማስታወሻ ይሆነናል፤ በእኛም አገር ፖሊስ የተወለደው ከከተማ ነው። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባና በሌሎች አራት ከተሞች በአዲስ ሥርዓት የሠለጠነ ፖሊስ እንዲቋቋም ፈቀዱ። የጉደር ገበሬ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቀው ጭቃ ሹሙንና ባላባቱን እንጂ ፖሊስን አልነበረም።

ወረራው ይህን ጅምር አቋረጠው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ጸጥታ አስከባሪ የተባለው የጣሊያን ካራቢኒየርና ከእርሱ ጋር ያደረው ባንዳ ነበር። የጅባትና የሜጫ አገር ደግሞ አርበኞች የተዋጉበት ስለ ነበረ ነዋሪው በነዚያ ዓመታት የደንብ ልብስ የለበሰን ሰው ያየው በጠላትነት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ በየሰዉ እጅ የቀረው መሣሪያ ብዙ ነበር፤ መደበኛ የፖሊስ ኃይል ማቋቋም ያስፈለገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ከአማካሪዎችና ከዳኞች ጋር የፖሊስ ኮሚሽነርና የፖሊስ መኰንኖችም ከእንግሊዝ እንዲመጡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። የኢትዮጵያ ፖሊስ መላውን አገር የሚመለከት የአንድ መንግሥት ድርጅት ሆኖ የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንግሊዝ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንግሊዝ ሁለት ዓይነት የፖሊስ ልማድ ነበራት። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1829 በሎንዶን የተቋቋመው ነው፤ ይህ ፖሊስ ጠመንጃ ሳይዝ በየመንደሩ እየተዘዋወረ ወንጀል ሳይደረግ እንዲከላከል የታሰበ ነበር። ሁለተኛው በአየርላንድ የነበረው ነው፤ ይህኛው የታጠቀ፣ በጦር ሰፈር የሚኖር፣ ትእዛዙንም ከማዕከል የሚቀበል ነበር። እንግሊዞች ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው የወሰዱት ይልቁንም ይህን ሁለተኛውን ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ አገር ባትሆንም የተቋቋመላት ፖሊስ ግን ከሎንዶኑ ይልቅ ለአየርላንዱ የቀረበ ነበር። መደበኛው ፖሊስ እንደ ጦር ሠራዊት የተደራጁ ክፍሎች ነበሩት፤ ማዕረጉም ዐሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እየተባለ እንደ ወታደር ይጠራ ነበር። ፖሊሱ ራሱን የሚቈጥረው እንደ ጎረቤት ጠባቂ ሳይሆን እንደ ወታደር መሆኑ ከዚህ ይጀምራል።

፫. የጭሰኛ ልጅና የወር ደመወዝ

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጉደር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በጅባትና ሜጫ አውራጃ ውስጥ ነበረች። የአውራጃው ዋና ከተማ አምቦ ሲሆን በዚያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የፖሊስ መኰንኖች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ ስምም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1956 በየከተማው ለብቻቸው የነበሩት ፖሊሶች ከአገር አቀፉ ፖሊስ ጋር ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ በመጀመሪያ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር፣ በኋላም በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ተጠሪ በሆነ ኮሚሽነር ይመራ ነበር። የጠቅላይ ግዛቶቹ እንደራሴዎች በፖሊስ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው በአዋጅ ቢነገርም ትእዛዙ የሚመጣው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራዊቱ ቍጥር ወደ 28,000 ደርሶ ነበር፤ ከነዚህም 6,000 ያህሉ ፈጥኖ ደራሽ ይባል የነበረው ክፍል ነበሩ።

በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ለምን ፖሊስ ይሆን ነበር? የመጀመሪያው ምክንያት ደመወዝ ነው። መሬት ለሌለው የጭሰኛ ልጅ በየወሩ የሚቈጠር ገንዘብ፣ የደንብ ልብስና ማዕረግ ትልቅ ነገር ነበር። እርሻ እንደ ዝናቡ ነው፤ ከባለ መሬቱ ጋር የሚደረገው ክፍያም እንደ ባለ መሬቱ ፈቃድ ነው፤ ደመወዝ ግን ዝናብ ቢቀርም አይቀርም። ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ወደ እርሱ የሚገባው ጥቂት ሰው ነበር። ፖሊስነት ጥቂት ፊደል ለቈጠረ ልጅ የተከፈተ ሌላ በር ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ዝና ነው። የፖሊስ ኦርኬስትራ እንደ ሒሩት በቀለ ያሉ ድምፃውያን የወጡበት ነው፤ የፖሊስ የእግር ኳስ ቡድን ኦሜድላም በስታዲየሙ ስሙ የሚጠራ ነበር፤ «ፖሊስና እርምጃው» የሚባል ጋዜጣም ነበራቸው። በገጠር ከተማ ላለ ወጣት ፖሊስነት ከዘመናዊው ዓለም ጋር የሚያገናኝ ድልድይ መስሎ ይታየው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉም በዚህ ዘመን ተሻሽሏል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 29 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የቦታው ሁኔታና መገናኛው በፈቀደ መጠን ወዲያውኑ፣ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማስፈራራት ወይም በመደለል ቃል እንዳያወጣ ይከለክላል። ቀላል ለሆኑት ነገሮች፣ ማለት ለስድብ፣ ለጥቂት ዱላ፣ ከ5 ብር ላልበለጠ ስርቆት፣ አጥቢያ ዳኛ ነበረ፤ እርሱም እስከ 15 ብር ድረስ መቀጫ መቍረጥ ይችል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሕግ ከአውጫጭኝና ከሌባሻይ ብዙ የራቀ፣ ለሰው ክብር የሚጨነቅ ሕግ ነው።

ነገር ግን ሕጉን ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ጉደር ገበያ የሚያደርሰው ፖሊሱ ነው። እዚህ ላይ የቋንቋው ጥያቄ ይመጣል። የመንግሥት ሥራ ሁሉ የሚሠራው በአማርኛ ነበር፤ የጉደር ገበሬ ግን የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከሳሽ ወይም ምስክር የሆነው ገበሬ በኦሮምኛ የተናገረውን ቃል ፖሊሱ በአማርኛ ይጽፈዋል። ተናጋሪው የተጻፈውን አንብቦ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ለማለት አይችልም፤ የሚያደርገው በማያውቀው ጽሑፍ ላይ የጣቱን አሻራ ማኖር ብቻ ነው። ፖሊሱ ራሱ የአገሩ ልጅ በሆነ ጊዜ እንኳ ነገሩ አይቀርም። ፖሊስ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚቀጥረው የቦታውን ልማድ ከሚያውቁት መካከል ነበር፤ ዳሩ ግን በገዛ ቋንቋው የሰማውን በሌላ ቋንቋ ሲጽፍ ያው የአገር ልጅ በጎረቤቱና በመንግሥቱ መካከል አስተርጓሚ ሆነ። አስተርጓሚ ደግሞ በሁለቱም ወገን ይጠረጠራል።

ስለዚህ ሰዉ በተቻለው መጠን ፖሊስ ጣቢያን እየሸሸ ወደ ራሱ ዳኞች ይሄድ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን ስለ ሜጫ የቃሉ ሥርዓት የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሟል። አሜሪካዊው ኸርበርት ልዊስም በዚያው ዘመን ገደማ በምዕራብ ሸዋ ኦሮሞ መካከል ጥናት አድርጓል። ከነዚህ ጥናቶች እንደምንረዳው ብዙ ሰው ጠቡን ይዞ የሚሄደው ቃሉ ወደሚገኝበት ሸንጎ ነበር። በዚያ ሸንጎ ነገሩ የሚሰማው በኦሮምኛ ነው፤ የሚፈራውም እስራት ሳይሆን የመሐላው ኃይል ነው። ይህ የሚያስተምረን ሕዝቡ ሕግን ይጠላ እንደ ነበረ አይደለም፤ ሕግን የፈለገው በሚገባው ቋንቋና በሚያውቀው ሰው አማካይነት እንደ ነበረ ነው።

፬. የሁለት መኰንኖች ታሪክ

«ፖሊሱ የማን ሰው ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በጉደር ጣቢያ በር ላይ ብቻ አይደለም፤ በላይኛው ማዕረግም ተነሥቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የፖሊስ ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከመንግሥቱና ከገርማሜ ንዋይ ጋር ወግነው በውጊያው ሞቱ። በዚያው በፖሊስ ሠራዊት መኰንን የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ግን ሙከራውን ካከሸፉት ወገን ነበሩ። አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት መኰንኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ወገን ተሰልፈው ተገኙ።

ታደሰ ብሩ ከዚህ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ሊማር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ሲሠለጥን ከተቀበሉት መኰንኖች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በማንበብና መጻፍ ዘመቻም ይታወቁ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ እንደሚያመለክተው አንዱ ወገኑ የጉደርና የአምቦ ሕዝብ የሚገኝበት ሜጫ ነው። ማኅበሩ ትምህርት ቤት፣ መንገድና የጤና ጣቢያ ለማሠራት ገንዘብ ያሰባስብ ነበር፤ ጄኔራል ታደሰም ወደ ማኅበሩ ገብተው ከመሪዎቹ ዋነኛው ሆኑ። መንግሥት ማኅበሩን አገደ፤ እርሳቸውም ተከሰው በ1960 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከአብዮቱ በኋላ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።

የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ ትርጓሜ ሊሰጠው ይችላል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን አንዱ ነው። መንግሥትን በታማኝነት አገልግሎ ከፍተኛ ማዕረግ የደረሰ የፖሊስ መኰንን ለወገኑ ትምህርት ቤት ለማሠራት ቢነሣ ታማኝነቱ ተጠርጣሪ ሆነ። እንዲህ በሆነበት ሥርዓት በታች ያለው የጉደር ፖሊስ የአገር ልጅነቱን ደብቆ መኖርን ቢመርጥ ሊደንቀን አይገባም።

፭. ሥራው ወደ ጎረቤት ሲመለስ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ባላባቱና መልከኛውም ከሥልጣናቸው ወረዱ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቁመው የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ተሰጣቸው። በከተማም ቀበሌዎች እንዲሁ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕዝብ ጥበቃ ብርጌዶች ተደራጅተው ከፖሊስ ሥራ ብዙውን ወሰዱ። መደበኛው ፖሊስ አልጠፋም፤ ነገር ግን አነሰ።

ከላይ ሲታይ ይህ ወደ ድሮው መመለስ ይመስላል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊጠብቅ ነውና። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ስለ ጠፋ በሬ ይጠየቅ ነበር፤ የአብዮት ጥበቃው ግን የሚጠይቀው ስለ ሰው ሐሳብ ነበር። ወፍ የሚባለው ጠቋሚ በድሮ ጊዜ የሚያስከፍለው የበሬ ዋጋ ነው፤ በዚህ ዘመን ግን ነፍስ አስከፍሏል። ከዚህ የምንማረው ጸጥታ አስከባሪው ጎረቤት መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ከበላዩ ገለልተኛ ዳኛ ከሌለ ጎረቤት ከባዕድ የባሰ ሊሆን ይችላል።

፮. ሰንቀሌ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የተጻፈው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጠ። የኦሮሚያ ፖሊስ የተቋቋመው በዚህ መሠረት ነው። ማዕረጉም ከወታደሩ ተለይቶ ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር፣ ኮሚሽነር ሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ግን የቋንቋው ነው። ዛሬ የጉደር ገበሬ ቃሉን በኦሮምኛ ይሰጣል፤ በኦሮምኛም ይጻፍለታል፤ ልጁም አንብቦ ሊነግረው ይችላል። ቀደም ሲል ከጠየቅናቸው ሦስት ጥያቄዎች አንዱ በዚህ መልስ አግኝቷል። የሰንቀሌው ማሠልጠኛም የአገሩን ልጅ በአገሩ ቋንቋ ፖሊስ የሚያደርግ ቦታ ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን፣ ማለት ተጠያቂነቱ ለማን ነው የሚለው፣ ገና አልተመለሰም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የ2006 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ስለ አዲስ አበባና ስለ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች በወጣው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ምክንያት በአምቦና በአካባቢው ተማሪዎችና ነዋሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኵሰው ሰዎች ሞቱ። ሰዎች መሞታቸውን መንግሥትም አምኗል፤ ቍጥሩ ግን አከራካሪ ሆኖ ቀርቷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ብዙ ሰዎች ተይዘው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከቆዩባቸው ቦታዎች አንዱ የሰንቀሌው የፖሊስ ማሠልጠኛ እንደ ነበረ ገልጧል። ዕቅዱ ራሱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠረዘ።

ይህ ነገር በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። የ48 ሰዓቱ ደንብ በ1954 ዓ.ም. ሕግ ተጽፎ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ደግሞ እንደገና ተጽፏል። መንግሥታት ሲለዋወጡ ይህ ቍጥር አልተለወጠም። ፖሊስ የሚሆን ወጣት ይህን አንቀጽ በሚማርበት ሕንፃ ውስጥ፣ በዘገባው እንደተነገረው፣ አንቀጹ ያልተፈጸመላቸው ሰዎች ታስረው ነበር። እንግዲህ ቋንቋው አንድ መሆኑ፣ ጠባቂውም ታሳሪውም የአንድ አገር ልጆች መሆናቸው ብቻውን ሕጉን አላስከበረም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ በሦስቱ ጥያቄዎች ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያው ዘመን ጸጥታ አስከባሪው የሚኖረው በነዋሪው ላይ ነበር፤ ለነዋሪው ቅርብ፣ ለማስረጃ ግን ሩቅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ደመወዝና ሕግ መጡ፤ ሆኖም ትእዛዙም ቋንቋውም ከሩቅ መጣ። በደርግ ዘመን ሥራው ወደ ጎረቤት ቢመለስም ያለ ዳኛ ተመለሰ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋው ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ትእዛዙ ግን ከሕጉ ይበልጥ ከበላይ ሰው የሚጠበቅባቸው ጊዜያት ታይተዋል። በየዘመኑ አንዱ ሲሟላ ሌላው ይጐድል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ፖሊስነትን ሙያ ለማድረግ ለሚያስብ ወጣት የታሪክ ጥናት አንዳንድ ነገር ሊያስታውሰው ይችላል። ደመወዙ የሚመጣው ከግብር ነው፤ ግብሩንም ከሚከፍሉት አንዱ በጉደር ገበያ የሚያገኘው ገበሬ ነው። ስለዚህ «የማን ሰው ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ የአለቃውን ስም ሳይሆን የሕጉን አንቀጽ መጥራት መሆን አለበት። የአገሩን ሽማግሌም መናቅ አይገባውም። ፍርድ ቤት ገዳዩን ፈርዶበት እስራቱን ከጨረሰ በኋላ እንኳ የሁለቱ ቤተ ሰቦች ሰላም በጉማ ካልተፈጸመ ቂሙ ይቀጥላል። ፖሊስ ወንጀለኛን ይይዛል፤ ጉርብትናን ግን ብቻውን ሊጠግን አይችልም።

ለሹማምንቱና ለሕግ መምህራን ደግሞ የሚቀረው ሥራ የ48 ሰዓቱን ደንብ እንደገና መጻፍ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተጽፏልና። የሚያስፈልገው ደንቡን የጠበቀ ተራ ኮንስታብል በአለቃው ፊት የማይጐዳበት፣ ያፈረሰም አለቃ በዳኛ ፊት የሚጠየቅበት አሠራር ነው። በድሮ ጊዜ አንድ ተራ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ ጌታውም ሎሌውም ይቆም ነበር። ያ ቃል ኃይል የነበረው በተናጋሪው ጡንቻ አልነበረም፤ ሰሚው ከራሱ በላይ ሕግ መኖሩን ስላመነ ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ይህንኑ ቃል ለሌላው ከመናገሩ በፊት ራሱ ሲነገረው የሚቆም እንደ ሆነ፣ በጉደር መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሰላምታውን ሳይፈራ ይመልስለታል።